ኖራው ያበቃበት

ጎተንበርግ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለታሪኩ ልጅ፣ ለአርሴማ፣

ይህች ወረቀት አንቺንም እናትሽን ይመኙሻልንም በደኅና ታግኛችሁ። የጅብራ ሜዳ ክረምት እንዴት ይዟችኋል? እዚህ በጋ ነው እየተባለ ይዘንባል፤ እንደናንተ ግን መብረቅ የለውም፣ ዝም ብሎ እንደ ሙሾ ነው የሚወርደው።

ሳልጽፍ የቆየሁበት ዘመን ያሳፍረኛል። የአባትሽን የታሪኩን ቀብር አልደረስኩም፤ አርባውንም፣ ሙት ዓመቱንም። እግዚአብሔር ነፍሱን በገነት ያኑራት። ስለዚህ ብትቆጪ እውነት አለሽ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ለጉዳይ ነው። ትራም ስነዳ ውዬ፣ ተቀምጬ ውዬ፣ ሐኪሙ «ካልተነሣህ ልብህ አይነሣም» ቢለኝ ከዐሥር ዓመት ወዲህ ሩጫ ጀምሬያለሁ። ከማኅበራችን ጋር በየዓመቱ አንድ አገር እየመረጥን ማራቶን እንሮጣለን። አቴናን ሮጫለሁ፣ ሊዝበንን ሮጫለሁ። በመጪው ጥር ስልሳ ይሞላኛል። እናቴ ነፍሷን ይማርና «የቃና ዘገሊላ ለት፣ ታቦቱ ሲገባ ወለድኩህ» ትለኝ ነበር። ጓደኞቼ የስልሳኛህን የት እንሩጥ ሲሉኝ አፌ ሳላስበው «መንዝ» አለ! ሁለቱ አብረውኝ ይመጣሉ።

ቅየሳ ተምረሽ መመረቅሽን ሰምቻለሁ። ስለዚህ መንገዱን የምትለኪልኝ አንቺ ነሽ። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ከመቶ ዘጠና አምስት ሜትር፤ አንድ ክንድ አይጉደል፣ አንድ ክንድ አይብዛ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጨረሻው የአባቴ የወልደ ጻድቅ በር ይሁን። መነሻውን ከዚያ ወደ ኋላ እየለካሽ የደረሰበት ላይ አድርጊው። የምሮጥበትም በነጭ ኖራ ምልክት ይደረግበት፤ ደክሞኝ እንዳልስት።

እደጉ፣ ክበሩ። መልስሽን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ባስልዮስ ወልደ ጻድቅ


ጅብራ ሜዳ፣ መስከረም 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለጋሼ ባስልዮስ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እንኳን ለመስቀሉ አደረሰዎ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆመን እንሄዳለን። እናቴ «በኔ ስም ጉንጩን ሳሚው» ብላለች፤ በወረቀት እንዴት እንደሚሳም አላወቅሁምና እንዲሁ ጽፌዋለሁ።

ደብዳቤዎ በጭነት መኪና ሾፌር እጅ ከደብረ ብርሃን ደርሶኛል። በስልክ ስላላደረጉት ደስ ብሎኛል። እዚህ ኔትወርክ የሚገኘው በወንድምዎ ደጅ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ቆሞ ያወራ ሰው ከወንድምዎ ቤት ጋር እንዳወራ ይቁጠረው። ስማቸውን በማዕረግ ልጽፍ ብሞክር ብዕሬ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ «ወንድምዎ» እላለሁ። አንቱታውን አልነፈግኋቸውም።

የሩጫውን ወሬ ለጎረቤታችን ለአማከለች ብነግራት፦ «አርባ ዓመት ሙሉ በእግሩ ሳይመጣ ቆይቶ አሁን እሮጣለሁ ይላል? ቀድሞ ነበር መሮጥ!» አለች። መንደሩ እየሳቀ ነው። እኔ ግን እለካልዎታለሁ። በቃና ዘገሊላ ለት ግን አይሆንም፤ ታቦት ለሯጭ መንገድ አይለቅም። በማግስቱ፣ ጥር 13 ይሁን።

አሁን የኔን ጉዳይ ይስሙ። አባቴ ባረፈ በዓመቱ ወንድምዎ «ላይ ማሳ» በምንለው መሬታችን ድንበር አልፈው አረሱ። መጀመሪያ ሁለት ትልም፣ በሚቀጥለው ዓመት ሃያ። የድንበሩ ድንጋዮች አንድ ሌሊት ተነቅለው አደሩ። ዛሬ ሰው የሚሄድበት የእግር መንገድ እሳቸው ባወጡት አዲስ ጠርዝ ላይ ነው፤ የድሮው ድንበር መሃል እርሻቸው ውስጥ ተውጧል። የእናቴ ገብስ የሚበቅለው በቀረው ቁራሽ ላይ ነው።

በስብሰባ ላይ ተነሥቼ ድንጋዮቹ የነበሩበትን ስናገር «ሴት ልጅ ድንበር አትመሰክርም፣ ያውም ለራሷ ቤት!» ብለው አስቀመጡኝ። የተናገሩት ወንድምዎ ናቸው፤ የሳቁት ሌሎቹ ናቸው። ሽማግሌዎቹ እውነቱን ያውቃሉ፣ ግን የሚያርሱት በወንድምዎ በሬ፣ የሚያስፈጩት በወንድምዎ ወፍጮ ነው።

በየካቲት መጨረሻ የመሬት ልኬታ ሠራተኞች ቀበሌያችን ይገባሉ። ጎረቤት «ይህ ነው» ብሎ ያሳየው ድንበር ካርታ ላይ ይሰፍራል፤ ከሰፈረ ማን ይነቅለዋል? ድንበሩ ሲተከል ከነበሩት በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ለሽማግሌዎቹ ሁለት መሥመር ይጻፉልኝ፦ ድንጋዮቹ የት የት ነበሩ? ከእርስዎ የምፈልገው ይህንኑ ብቻ ነው። ገንዘብ እንዳይልኩ።

አርሴማ ታሪኩ


ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለብልኋ አርሴማ፣

ጤናና ሰላም ይብዛልሽ። እለካለሁ ማለትሽን ሳነብ ወንበሬ ላይ ዘለልኩ። ጥር 13 መሆኑንም ተቀብያለሁ፤ ታቦትን ማን ይጋፋል?

አንዳንድ ጥያቄ አለኝ። ቁልቁለቱ ስንት ነው? ጉልበቴ ዳገት ይችላል፣ ቁልቁለት ግን ይጠላል። በመንገዱ ላይ ውኃ የሚያቀብሉ ሰዎች ይኖራሉ? እናንተ ያላችሁበት ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው እያሉ ጓደኞቼ ተጨንቀዋል፤ እኔ እዚያው የተወለድኩ ነኝ፣ ሳንባዬ አይረሳም ብያቸዋለሁ። ደግሞ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ አሁንም በመንገዱ ዳር አለ? በእርጥቡ ሲነድ የሚያወጣው ጭስ እስካሁን በአፍንጫዬ አለ። ጅብራውስ? ጓደኞቼ ፎቶውን አይተው፣ ዘንባባ እንዳልሆነ ብነግራቸው ሊያምኑኝ አልቻሉም።

በየማለዳው ሥራ ከመግባቴ በፊት እሮጣለሁ። በረዶ ገብቷል። ስሮጥ የማስበው ያንን የመጨረሻውን መታጠፊያ ነው፤ የጽዱን ዛፍ አልፌ የአባቴን በር የማይበትን።

ስለ ላይ ማሳ ጉዳይ ጠይቀሽኛል። ልጅ ነበርኩ፤ አላስታውስም። እናንተ እዚያው ያላችሁ ብትነጋገሩ ይሻላል።

ለእናትሽ ሹራብ በጓደኛ እጅ ልኬያለሁ። መንገዱን ስትጨርሺ ጻፊልኝ።

ባስልዮስ


ጅብራ ሜዳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለጋሼ ባስልዮስ፣

እግዚአብሔር ጤናውን አያጓድልብዎ። ሹራቡ ደርሷል፤ እናቴ ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። «ከበግ ነው ወይስ ከፕላስቲክ?» ብለው የበግ ጠጉር ባና የሚሸምኑት ሲዳብሱላት ዋሉ።

መንገዱን ለክቻለሁ። ቀየት ከተማ ካለ ብስክሌት ጠጋኝ አንድ ጎማ ተውሼ፣ ጎማው ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ፣ ጨርቁ በዞረ ቁጥር እየቆጠርኩ ገፋሁት። ከአባትዎ በር ጀምሬ፣ በጽዱ በኩል ወጥቼ፣ ሜዳውን አቋርጬ፣ በዘመሮ መንገድ እስከ ድልድዩ ሄድኩ። ልኩ ሳይሞላ ሲቀር በገበያው በኩል አዞርኩት። ሰው ሁሉ «ይቺ ልጅ በሬ አጥታ ጎማ መንዳት ጀመረች» ይል ነበር። አስታው አለ። ጅብራውም አለ። ቁልቁለቱ ብዙ ነው፤ ጉልበትዎን ያዘጋጁ።

ለእርስዎ ደስታ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ለካሁ፣ ጋሼ። ለእናቴ አንድ ጥማድ መሬት የሚለካልኝ ግን የለም። እየገፋሁ ያሰብኩት ይህንን ነው።

«ልጅ ነበርኩ፣ አላስታውስም» ያሉትን ለእናቴ አነበብኩላት። እሷም አባቴ ይነግራት የነበረውን ነገረችኝ። ሁለቱ ወንድማማቾች፣ አያቴ ፀጋና አባትዎ ወልደ ጻድቅ፣ መሬቱን ሲካፈሉ ከየቤቱ አንድ አንድ ልጅ ይዘው ወጡ። ልጅ የሚወሰደው ሽማግሌ ቶሎ ስለሚሞት ነው። ድንጋይ በተተከለ ቁጥር ልጁ እዚያው ላይ ጆሮውን ይቆነጠጣል፤ ሥቃዩ ቦታውን እንዲይዝለት። ምስክርነቱም ለገዛ ቤቱ አይደለም፤ ለወዲያኛው ወገን ነው። ለራሱ የሚመሰክረውንማ ማን ያምነዋል?

ከእኛ ቤት የተቆነጠጠው የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር። ጦር ሜዳ ሄዶ አልተመለሰም። ከናንተ ቤት የተቆነጠጡት እርስዎ ነዎት፣ የቆነጠጥዎትም አያቴ ፀጋ ነው። አባቴ ሕፃን ስለነበር ከቤት ሆኖ ያየው ሲመለሱ ብቻ ነው። «ባስልዮስ እስኪመሽ ጆሮውን ይዞ አለቀሰ» ይል ነበር።

ሁለቱ ድንጋዮች የነበሩበትን እኔም አውቃለሁ፤ ግን የኔ ቃል አይቆጠርም። ሦስተኛውን ሳልወለድ ጎርፍ ወስዶታል፤ አባቴ «ምንጩ ዘንድ ነበር» ከማለት በቀር አያውቅም። እርስዎ ግን የሦስቱንም ያውቃሉ። ለአባትዎ ቤት ሳይሆን ለእኛ ቤት ነው የተቆነጠጡት። ያንን ጆሮ ይዘው ስዊድን ሄደዋል፤ ዕዳ አለበት ጆሮው።

አርሴማ


ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአርሴማ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ስለ ጆሮዬ የጻፍሽውን አነበብኩት። ታሪኩ ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከዚያ በኋላ ይህን ነገር አታንሺብኝ። እኔ ከአገር ስወጣ ወንድሜ እምሩ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ደብረ ብርሃን ድረስ በእግሩ ሸኝቶኝ፣ ጫማውን አውልቆ ሰጥቶኝ፣ ባዶ እግሩን ተመለሰ። አባታችን ሲታመም ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነው። እናታችንን የቀበረ እሱ ነው። ቀብሯ ለት እኔ ትራም እየነዳሁ ነበር፤ ማንም ተሳፋሪ አላወቀም። አሁን በዚህ በእምሩ ላይ ፈርም ትይኛለሽ። በምን እጄ?

የልደቴን ስጦታ ብትጠይቂኝ አንድ ነገር እልሽ ነበር፦ ዕርቅ። እምሩ ድንኳን ሊተክል፣ በግ ሊያርድ ተነሥቷል። አንቺና እናትሽም ኑ። ሰው ፊት ጉልበቱን ሳሚው፣ እሱም ይመርቅሽ፣ ነገሩ እዚያው ይብቃ። ትንሽ መሬት ነው፤ ዘመድ ይበልጣል። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ነገ ከተማ ትገቢያለሽ፤ ገብስ ምን ይሠራልሽ?

መጨረሻውንም ወደ ድንኳኑ አዙሪው። ድንኳኑ የሚተከለው ከእግር መንገዱ ዳር ነው ብሎኛል።

ባስልዮስ


ጅብራ ሜዳ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለጋሼ ባስልዮስ፣

አዲስ አበባ ሲገቡ እንዲጠብቅዎ ይህን ደብዳቤ ያርፉበታል ወደተባለው ዘመድዎ ቤት ልኬዋለሁ። እንኳን ለልደቱ በሰላም አደረሰዎ።

ጉልበት አልስምም።

ስለ ጫማው አላውቅም ነበር። ደግ ሥራ ነው፤ አልክድም። ያ ባዶ እግሩን የተመለሰ ልጅና ድንጋይ የነቀሉት ሰው አንድ መሆናቸው ለእርስዎ እንደሚከብድ ገባኝ። ለእኛም ይከብዳል፤ ከእሳቸው ጋር የምንኖረው እኛ ነን።

«ገብስ ምን ይሠራልሽ» ብለውኛል። ዩኒቨርሲቲ የላከኝ እሱ ገብስ ነው።

መጨረሻውን አላዞርኩትም። መጀመሪያ ያዘዙኝ የአባትዎን በር ነው፣ የለካሁትም እሱን ነው፤ ቢዞር ልኩ ይፈርሳል። ኖራውን ከመነሻው እስከ ጽዱ ድረስ አፍስሻለሁ። ከጽዱ በኋላ የአባትዎ በር ይታያል። እናቴና አማከለች በመንገዱ ላይ ውኃና በሶ ይዘው ይጠብቁዎታል። የቀሩትን ሰዎች እኔ አቆማለሁ።

በሰላም ይግቡ።

አርሴማ


ጎተንበርግ፣ የካቲት 2 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአርሴማ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ጉልበቴ አሁንም ደረጃ ሲያይ ያለቅሳል።

ላደረግሽው ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማራቶን ብዙ ሮጫለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን የለም። ዘመሮን ስናልፍ አብረውኝ የሮጡት ልጆች! አንድ ቄስ ከበቅሎ ወርደው «ልጄ፣ ምን አደረግህ? ማን ፈረደብህ?» ያሉኝ! ጓደኞቼ ሜዳው ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ተቀምጠው ቀሩ፤ እኔ ግን ብቻዬን ቀጠልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከገበያው በኋላ ያለውን አላስታውሰውም። እግሬ ሄደ፣ እኔ ከኋላው ነበርኩ። የአባቴን በር ስነካ ብቻ ነቃሁ።

አሁን ግን አንድ የሚያስጨንቅ ነገር መጣ። እምሩ ደወለ። «ባገር ፊት አዋረድከኝ፣ ድንበር ረግጠህ መሰከርክብኝ» ብሎ ጮኸብኝ፣ ዘጋብኝ። ምን ማለቱ ነው? ሽማግሌዎቹም ይህንኑ ያወራሉ አሉ፤ ሩጫዬ በስልክ ተቀርጾ መንደሩ እየተቀባበለው ነው አሉ።

አርሴማ፣ እኔ በማንም ላይ አልመሰከርኩም። ያንቺን ኖራ ነው የተከተልኩት። አንቺ ኖራውን በየት እንዳፈሰስሽ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ደክሞኝ ነጩን እያየሁ ሮጥኩ። ይህንኑ ለሽማግሌዎቹና ለእምሩ ንገሪልኝ፦ «ኖራውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ምንም አያውቅም» በይ። የልኬታው ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት በይ። ወንድሜን አታሳጪኝ። እለምንሻለሁ።

ባስልዮስ


ጅብራ ሜዳ፣ የካቲት 30 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለጋሼ ባስልዮስ፣

ዓቢይ ጾምን በሰላም ያስጨርስዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ የልኬታው ሠራተኞች በገቡ በማግስቱ ነው። ቀድሞ ቢደርስም ያሉኝን አልልም ነበር። ምክንያቱን ልጻፍልዎ።

ከገበያው በኋላ ያለውን አላስታውስም ስላሉ ያየሁትን ልንገርዎ። እኔ ጽዱ ሥር ቆሜ ነበር። ወንድምዎ ከእንግዶቻቸው ጋር በእግር መንገዱ ዳር፣ ከድንኳኑ ፊት ቆመዋል። ሽማግሌዎቹን ግን ድንኳን ሳይገቡ ከኔ ጋር እንዲቆዩ ለምኛቸው ነበር፤ «ሯጩን መጀመሪያ የምታዩት እናንተ ናችሁ» ብዬ። ከዳገቱ ብቅ ሲሉ ፊትዎ አመድ መስሏል፣ ዓይንዎ ተከፍቷል ግን አያይም። በአጠገቤ አለፉ። «አይዞዎት!» አልኩ፤ አልሰሙኝም።

ከጽዱ በኋላ ሁለት መንገድ አለዎት፤ አንደኛው ሰው ሁሉ የሚሄድበት የእግር መንገድ ነው። የተጠረገ፣ ቀጥ ያለ፣ በዳሩ ሰው ተሰልፎ የሚያጨበጭብበት። ሌላው መንገድ እንኳ አይደለም፤ የታጨደ ገብስ ቃርሚያ ነው፣ ያውም የወንድምዎ እርሻ መሃል። እርስዎ ወደ ቃርሚያው ገቡ።

«ባስልዮስ! በዚህ ነው እንጂ! ኧረ ወዴት ነው እሱ?» ብለው ወንድምዎ ጮኹ።

«ዞረበት መሰለኝ፣ ያዙት!» አለ አንዱ።

ከሽማግሌዎቹ አያ ወሰኔን ያውቋቸዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው ነው የሚቆሙት። ዘንጉን አነሡና፦ «ማንም እንዳይነካው! ፀጋ በቆነጠጠው ነው የሚሄደው» አሉ።

እርስዎ ቃርሚያው መሃል ምንም ምልክት የሌለበት ቦታ ላይ ደርሰው ታጠፉ። ዛፍ የለ፣ ጉድጓድ የለ፣ ድንጋይ የለ። ሁለተኛው ድንጋይ ሦስት ዓመት ሙሉ የሌለበት ቦታ ነው። ሲታጠፉ ግራ እጅዎ ወደ ጆሮዎ ወጣ። እኔ አየሁት፣ ሽማግሌዎቹ አዩት፣ የሚቀርጸው ልጅ ስልኩን ሊጥል ነበር። ከዚያ ወደ ምንጩ ወረዱ፣ ምንጩ ዘንድ ዞረው ወደ አባትዎ በር ወጡ። በሩን ሁለት ጊዜ መትተው «እማዬ፣ ክፈቺ» አሉ። ይህንን ያውቃሉ? ያሉት ይህንን ነው። አማከለች እስካሁን ስታስበው ታለቅሳለች።

ኖራውን ተከትዬ ነው ብለዋል። የታኅሣሡን ደብዳቤዬን ያውጡና ያንብቡ። «እስከ ጽዱ ድረስ» ነው የሚለው። ከጽዱ ወዲህ አንድ ጭብጥ ኖራ አላፈሰስኩም፤ በእግር መንገዱም፣ በቃርሚያውም። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። በወንድምዎ በኩል ቢሮጡ ኖሮ ነገሩ አብቅቶ ነበር፤ እኔም እናቴን ይዤ ዝም እል ነበር። አፍዎን ለምኜ እምቢ ስላለኝ እግርዎን ጠየቅሁ። አታለልሽኝ ካሉ ይበሉ፤ አላፍርም። እኔ የሠራሁት ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ዝም ማለትን ደግሞ ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

የልኬታው ቀን ሠራተኛው «የዚህ ማሳ ድንበር የት ነው?» ሲል እንደ ወትሮው ሁሉም መሬት መሬት አየ። አያ ወሰኔ ቀስ ብለው ተነሡ። «ከጽዱ ተነሡ፤ ባስልዮስ በሮጠበት ሂዱ» አሉ። አንዱ ተነሥቶ «እኔም አይቻለሁ» አለ። ከዚያ ሌላው። ወንድምዎ ማንንም አልተሳደቡም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። የልኬታው ቀይ ምልክት ከጽዱ ወደ ምንጩ፣ ከምንጩ ወደ በርዎ ተደርጓል። ካርታው ሲለጠፍ ቅሬታ ያለው ይናገራል ተብሏል።

ደስታ ብቻ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ከዚያ ቀን ወዲህ የወንድምዎ ወፍጮ ለኛ «ተበላሽቷል»፤ እናቴ እህል ተሸክማ ቀየት ትሄዳለች። በሬ የሚያውሰን የለም። ቅዳሴ ላይ ስንሳለም ሰው ጎኑን ያዞራል። እናቴ ሌሊት ትነቃና «ምነው ባልነካካነው» ትላለች፤ ሲነጋ ደግሞ ሄዳ ማሳው ዳር ትቆማለች።

ወንድምዎን አሳጥቼዎት ከሆነ፣ እኔም አባቴን ካጣሁ በኋላ ያየሁትን ያውቁታል።

አርሴማ


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአርሴማ፣

ይህ በሽታ ከናንተ ይራቅ። ትራሜ ባዶውን ይሄዳል፤ ማንም የማይወርድበት ፌርማታ ላይ ቆሜ በሩን ከፍቼ እዘጋለሁ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ብዙ ቀኔ ነው። ልመልስልሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። መጀመሪያ ስድብ ጻፍኩልሽ። ከዚያ ቪዲዮውን ልጄ ከኢንተርኔት አግኝታ አሳየችኝ። አንድ ሽማግሌ ቃርሚያ ውስጥ እየተንገዳገደ ጆሮውን ይዞ ይሄዳል። ልጄ «አባባ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። ያላልኳትን ላንቺ ልበልሽ።

አስታውሳለሁ። አስታውሼ ነው አላስታውስም ያልኩሽ። አያትሽ ፀጋ ጥፍሩ ረዥም ነበር። አንደኛው ድንጋይ ጽዱ ሥር፣ ሁለተኛው እኔ ከታጠፍኩበት ነው፤ ልክ ነው።

ሦስተኛው ግን ምንጩ ዘንድ አይደለም። በሩጫው ደክሞኝ ውኃውን አየሁና አልፌው ሄድኩ። ድንጋዩ የተተከለው ከምንጩ መለስ ብሎ ጠፍጣፋው አለት ላይ ነው፤ እዚያ ነው አባቴም «በቃው፣ አመመው» ብሎ የለመነልኝ። ስለዚህ ከአለቱ እስከ ምንጩ ያለው ጥግ የናንተ አይደለም። የእምሩ ነው። በኔ ስህተት ቀዩ ምልክት ለናንተ ሰጥቶታል።

ምስክር ሁን ብለሽኝ ነበር። ይኸው ሆንኩ። ለሽማግሌዎቹ የፈረምኩበትን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ሦስቱም አሉበት። እንግዲህ አንቺ የምታደርጊውን አያለሁ።

እምሩ ስልክ አያነሣም። በየእሑዱ እደውላለሁ።

ባስልዮስ


ጅብራ ሜዳ፣ ሰኔ 15 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለጋሼ ባስልዮስ፣

ከበሽታው እንዲጠብቅዎ ጸሎታችን ነው። እኛ እጃችንን እየታጠብን፣ ከሰው እየራቅን እንውላለን፤ ራቅ ማለቱን መንደሩ ቀደም ብሎ አስለምዶናል።

ወረቀትዎ ሲደርስ መጀመሪያ የተሰማኝን አልደብቅዎትም፦ ልቀድደው ነበር። ያ ጥግ ለም ነው፤ ከምንጩ የሚሰርገው እርጥበት ባቄላ ያበቅላል። እናቴ ዘርታበት ነበር፣ ቡቃያው ወጥቷል። ለሦስት ዓመት ለተዘረፈ ሰው ያ ጥግ ካሣ አይሆንም ወይ እያልኩ ሁለት ቀን ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን እናቴ «የምታኝኪውን ዋጪው ወይም ትፊው» አለችኝ።

ካርታው ቢለጠፍም ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ አላለፈም ነበር። ሄጄ አስመዘገብኩ። ጸሐፊው «ተሰርቆብሻል ነው የምትይው?» አለ። «አይ፣ በዝቶልኛል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ሽማግሌዎቹን ሰበሰብኩ። ድንጋይ ተሸክሜ ወጣሁ። ቡቃያውን ራሴ ነቅዬ ጠፍጣፋው አለት ላይ ሦስተኛውን ድንጋይ ተከልኩት። ጋሽ እምሩ መጡ። ማንም አልጠራቸውም። የልጅ ልጃቸውን መስታወትን በእጃቸው ይዘዋል፤ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የፊት ጥርሷ የለም። ረዥም ጊዜ ቆመው ድንጋዩን አዩ፣ ከዚያ ምንጩን አዩ።

«የኔን ነው የመለሽው» አሉ።

«የእርስዎን ነው።»

«ለምን?»

«ጋሼ ባስልዮስ ስለመሰከሩ» አልኩ።

ስለ ቀሩት ዓመታት አላነሡም። ይቅርታ አላሉም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ወፍጮው «ተጠገነ» የተባለው በሳምንቱ ነው፤ ሌላ ነገር ግን እስካሁን የለም። ያን ቀን ያደረጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መስታወትን ወደ ድንጋዩ ገፋ አድርገው፣ ፊታቸውን ወዲያ አዞሩ።

«ሴት ልጅ ድንበር አትመሰክርም ብለው ነበር» አልኳቸው፤ አላስቻለኝም።

«ታዲያ ምን ልሁን? ወንዶቹ ስዊድን ናቸው» አሉ።

ከእኛ ቤት ልጅ ስለሌለ እኔ ተንበርክኬ እናቴ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ፤ ዕድሜዬን አይታ አልማረችኝም። አማከለች ሳቀች። ከዚያ ተነሥቼ ወደ መስታወት ዞርኩ። «ይቺ ድንጋይ የት ነው ያለችው?» አልኳት። «አለቱ ላይ» አለች። የአያቴን የፀጋን ጥፍር አሰብኩ። ሳልራራ ቆነጠጥኳት።

በጣም አለቀሰች። ታስታውሰዋለች።

አርሴማ